ብልሃትና ይሉኝታ

የሰው ልጅ ጨረቃን የረገጠው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዚያው ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ የገባ መንገደኛ ግን ሻንጣውን የሚያጓጉዘው ቅድመ አያቱ በሚያውቁት ዘዴ ነበር፤ አንጠልጥሎ፣ ትከሻው እስኪዛባ፣ መዳፉ እስኪቀላ ድረስ። ጎማ ከተፈለሰፈ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ሻንጣም የቆየ ዕቃ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው መለመዳቸው ግን ከሮኬቱ በኋላ ሆነ።

በርናርድ ሳዶው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የአንድ ሻንጣ ፋብሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። በ1970 ከቤተሰቡ ጋር አሩባ ደሴት ላይ ሰንብቶ ሲመለስ፣ ሁለት ከባድ ሻንጣ ይዞ ጉምሩክ ጋ እያላበው ሳለ አንድ ሠራተኛ ትልቅ ማሽን ጎማ ባለው ጣውላ ላይ ጭኖ ያለ ምንም ድካም እየገፋ ሲያልፍ ተመለከተ። ሳዶው ወደ ሥራው ሲመለስ ከአንድ የልብስ ሣጥን ሥር ጎማዎቹን ነቀለና ከሻንጣ ሥር ገጠማቸው፤ ከፊት ጠፍር አሰረበትና ጎተተው። ሻንጣው ሄደ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳዶው ፈጠራውን ይዞ በኒውዮርክ ትልልቅ መደብሮች በር ለሳምንታት ተመላለሰ፤ የሚገዛው ግን አጣ። ምክንያቱ የጎማው ጥራት ወይም ዋጋው አልነበረም። ወንድ ልጅ ሻንጣውን ተሸክሞ እንጂ ጎትቶ አይሄድም፣ ያፍራል፣ የሚስቱንም ሻንጣ ቢሆን ራሱ ይሸከማል የሚል አስተሳሰብ ነበር በር የዘጋበት። በመጨረሻ ሜሲስ የተባለው መደብር ተቀበለው፤ የባለቤትነት መብቱም በ1972 ተመዘገበ። ዛሬ የምናውቀውን፣ ቀጥ ብሎ በሁለት ጎማ የሚንከባለለውንና እጀታው ከውስጥ የሚመዘዘውን ሻንጣ የሠራው ደግሞ ሮበርት ፕላት የተባለ የኖርዝዌስት አየር መንገድ አብራሪ ነው፤ ዘመኑም 1987። በመጀመሪያ የሸጠው ለሥራ ባልደረቦቹ፣ ለአብራሪዎችና ለአስተናጋጆች ነበር። ተሳፋሪው የደንብ ልብስ የለበሰ ካፒቴን ሻንጣ እየጎተተ ሲሄድ ሲያይ ዕፍረቱ ለቀቀው።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ዕፍረት ሌላ ቋንቋ በቀላሉ የማያገኝለት ስም አለው፤ ይሉኝታ። “ምን ይሉኛል” ከሚለው ጭንቀት የወጣ ቃል ነው። ኑሮን የሚያቀልሉ ዘዴዎች ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ዘዴው ብቻ ነው። አብዛኛው ዘዴ ግን ከሻንጣው ጎማ የበለጠ ምሥጢር የለውም፤ ዓይን ፊት ተቀምጦ የሚያነሳው ያጣ ነው። እጅን የሚይዘው ይሉኝታ፣ የይሉኝታም ወንድም ኩራት ነው።

የጉዞ ነገር ከተነሳ የቲኬቱ ሰዓት ይቅደም። ከቦሌ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከሚነሱት በረራዎች ብዙዎቹ የሌሊት ናቸው። ቲኬቱ ላይ “ቅዳሜ 00:30” ተብሎ ተጽፏል እንበል። ቤተሰቡ ቅዳሜ ማታ ሽኝት ያዘጋጃል፤ ዶሮ ይሠራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ተጓዡ ይመረቃል፣ ሻንጣው መኪና ላይ ይጫናል። ቦሌ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ይህ ማንበብ ካለመቻል የሚመጣ ስህተት አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለሐበሻ ግን ሌሊቱ የቀደመው ቀን ጭራ ነው፤ ቅዳሜ የሚባለው ሲነጋ ነው። ቲኬቱ “ቅዳሜ 00:30” ያለውን የአዲስ አበባ ሰው “አርብ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል” ይለዋል። ስለዚህ ተጓዡ ቲኬቱን ሲያነብ ስድስት ሰዓት መቀነሱን አይረሳም፤ የሚረሳው ቀኑም አብሮ ወደ ኋላ መሄዱን ነው። የሚያስገርመው ቋንቋው መድኃኒቱን ከጥንት ጀምሮ በጓዳው ይዞ መቀመጡ ነው፤ “አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ” የሚለው አባባል ሁለቱንም ቀን በአንድ ጠርቶ ጥርጣሬ የማያስገባ ነው። ቲኬቱ በታተመ ዕለት ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ “አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30፤ ከቤት መውጫ አርብ ማታ 2:30” ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ በሽኝቱ ግርግር መካከል ምንም ማስላት አይጠበቅበትም። ሒሳቡን የሠራው ልቡ በተረጋጋበት ቀን ነው።

ይሉኝታ እዚህም ትገባለች። ውጭ አገር ዓመታት የቆየ ሰው “ሰዓቱ በሐበሻ ነው በፈረንጅ?” ብሎ መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ አገሩን የረሳ ይመስለዋልና። አዲስ አበባ የኖረውም ያልሠለጠነ እንዳይባል ዝም ይላል። ሁለት ዝምተኞች አራት ሰዓት ብለው ተቀጣጥረው በስድስት ሰዓት ይተላለፋሉ።

የዘመን አቆጣጠሩም የራሱ ወጥመድ አለው። መስከረም 1 ቀን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ከፈረንጆቹ ሠግር ዓመት በፊት ባለው ዓመት ግን 12 ይሆናል። የዓመቱም ልዩነት እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ነው። የልደት ቀኑን ለኤምባሲ ቅጽ አንድ ጊዜ፣ ለትምህርት ቤት ሌላ ጊዜ በራሱ እየቀየረ የሚሞላ ሰው በወረቀት ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። የልደት ቀንን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ለውጦ፣ ፓስፖርት ላይ ካለው ጋር አመሳክሮ፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ ሁልጊዜ ያንኑ መገልበጥ ነው የሚሻለው። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ስለሚያስቀድሙ 03/04 የሚለው ማርች 4 ይሁን ኤፕሪል 3 አይታወቅም፤ ወሩን በፊደል መጻፍ ክርክሩን ይዘጋዋል።

ወደ ሻንጣው እንመለስና፣ በብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች የአንድ ሻንጣ ወሰን 23 ኪሎ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ቡና የተጫነበት ሻንጣ ይህን ወሰን የሚያልፈው ገና ልብስ ሳይገባበት ነው። ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ ፊት ሻንጣ ከፍቶ፣ የእናትን ስንቅ በሕዝብ ፊት እያወጡ መቀነስን የመሰለ ዕፍረት የለም። የሰው ሚዛን ያለበት ቤት ይህን በሁለት ደቂቃ ያስቀራል፤ መጀመሪያ ብቻን መመዘን፣ ከዚያ ሻንጣውን ታቅፎ መመዘን፣ ልዩነቱን መውሰድ። ማር በእጅ ሻንጣ ከተያዘ በፍተሻው ሕግ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም። የስልክ መሙያ ፓወር ባንክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ተመዝግቦ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ከሰው ጋር ይሄዳል። ቋንጣን በተመለከተ የአሜሪካም የአውሮፓ ኅብረትም ጉምሩክ ልቡ ጨካኝ ነው። ስጋ ስጋ ነው፤ ተዘልዝሎ ቢደርቅም፣ እናት ብትሠራውም።

ይህን ሁሉ በጭንቅላት ይዞ መሄድ አይቻልም። ለዚህም ነው አብራሪዎች ወረቀት የሚይዙት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1935 ቦይንግ ኩባንያ “ሞዴል 299” የተባለ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ኦሃዮ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር ሊያሳይ ቀረበ። አብራሪው ሻለቃ ፕሎየር ሂል እጅግ ልምድ ያላቸው ሰው ነበሩ። አውሮፕላኑ ተነሳ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ወዲያው ተንገዳግዶ ወደቀና ተቃጠለ። ሻለቃውና አንድ የኩባንያው አብራሪ ሞቱ። ምርመራው ያገኘው የሞተር ብልሽት አልነበረም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም ነፋስ እንዳያወዛውዛቸው ተንቀሳቃሽ የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹን የሚይዘው መቆለፊያ ሳይፈታ ተረስቷል።

ጦሩ አብራሪዎቹን የበለጠ እንዲጠነቀቁ መክሮ ዝም ማለት ይችል ነበር። እንዲያ አልተደረገም። በምትኩ ከመነሳት በፊት፣ በበረራ ላይና ከማረፍ በፊት አንድ በአንድ የሚነበብ አጭር ዝርዝር ተዘጋጀ። ያ አውሮፕላን በኋላ ቢ-17 ተብሎ ከ12,000 በላይ ተመርቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በረረ።

ሐኪሞች ዝርዝሩን ለመቀበል ከሰባ ዓመት በላይ ወሰደባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት 19 ነጥቦች ያሉበትን የቀዶ ሕክምና ዝርዝር ያወጣው በ2008 ነው። ዝርዝሩ የሚጠይቀው ሰውየው ማን ነው፣ የሚቀደደው የትኛው ጎን ነው፣ አንቲባዮቲኩ በሰዓቱ ተሰጥቷል ወይ፣ በክፍሉ ያሉት ሰዎች በስም ተዋውቀዋል ወይ የሚሉ ቀላል ነገሮችን ነው። በስምንት ከተሞች፣ ከሲያትልና ከለንደን ጀምሮ ታንዛኒያና ማኒላ ድረስ ተሞክሮ በቀዶ ሕክምና ምክንያት የሚሞተው ሰው ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ሥራውን ከመሩት አንዱ የሆኑት ቀዶ ሐኪም ዶክተር አቱል ጋዋንዴ በመጽሐፋቸው የጻፉት ነገር ከቁጥሩ በላይ ይነግራል። ሦስት ወር ከተሠራበት በኋላ ሐኪሞቹና ነርሶቹ ተጠየቁ፤ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ዝርዝሩን አሁንም አልወደደውም። “እናንተ ታካሚ ብትሆኑ ግን ዝርዝሩ እንዲነበብ ትፈልጋላችሁ?” ሲባሉ 93 በመቶው አዎ አሉ። ለሌላው ሲሆን ኩራት ነበር፤ ለራስ ሲሆን ወረቀቱ ይምጣ!

የመንገደኛ ዝርዝርም እንዲሁ ነው። ዋጋ የሚኖረው በመሄጃው ማለዳ ሲጻፍ አይደለም፤ ከጉዞ በተመለሱ ማግስት፣ ምን እንደጎደለና የትኛው ሸሚዝ እንደታጠፈ ደርሶ እንደተመለሰ ገና ሳይረሳ ሲስተካከል ነው።

ከጉዞ ወደ ሥራ ጠረጴዛ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቲማቲም አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጽሐፍ ገልጦ መቀመጥ እንጂ ማንበብ አልሆንለት አለ። ከወጥ ቤት የቲማቲም ቅርጽ ያላት የደቂቃ መቁጠሪያ አምጥቶ፣ እስክትጮኽ ድረስ ብቻ ሌላ ነገር ላለመንካት ከራሱ ጋር ተወራረደ። ዘዴው አድጎ በቲማቲሟ የጣሊያንኛ ስም “ፖሞዶሮ” ተባለ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ ዕረፍት፣ በአራተኛው ዙር ረዘም ያለ ዕረፍት። በቃ ይኸው ነው። ሃያ አምስት የሚለው ቁጥር ራሱ ቅዱስ አይደለም። የሚሠራው ነገር፣ “ዛሬ ሪፖርቱን እጨርሳለሁ” የሚለው የሚያስፈራ ተራራ “እስክትጮኽ ድረስ” ወደሚል ጉብታ መውረዱ ነው።

ጉብታውን የሚንደው የሚያቋርጥ ሰው ነው። ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪ በ2009 ባወጡት ጥናት አእምሮ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዛወር ሙሉ በሙሉ እንደማይሄድ አሳይተዋል፤ ያልተቋጨው ሥራ ከኋላ ይጎትተዋል። እኚሁ ተመራማሪ ከሌላ ባልደረባ ጋር በ2018 ያወጡት ጥናት ለዚህ አንድ ቀላል መላ አግኝቷል። ሲቋረጡ፣ ከመነሳት በፊት “እዚህ ደርሻለሁ፤ ስመለስ የምጀምረው ከዚህ ነው” የሚል አጭር ማስታወሻ መጻፍ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ የመጣውም ሰው በሙሉ ልብ ይስተናገዳል።

ግን ባልደረባ ብቅ ባለ ጊዜ ማን “ቆይ” ይላል? በሐበሻ ቢሮ ሰላምታን አሳጥሮ ወደ ኮምፒውተር መመለስ ትዕቢት ነው፤ የልጆቹ፣ የእናቱ፣ የጉንፋኑ ደኅንነት መጠየቅ አለበት። “ሥራ ይዣለሁ” ማለት በር መዝጋት ይሆናል። በዚህ አገር በደንብ የሚሠራው መንገድ እንቢታውን በግብዣ መጠቅለል ነው፤ “አምስት ሰዓት ላይ ቡና ልጋብዝህ፣ በደንብ እናወራለን።” የመጣው ሰው አልተባረረም፤ እንዲያውም ተጋበዘ። ሰዓቱ ግን በአስተናጋጁ እጅ ገባ። እንግሊዛዊው ሲረል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1955 ኢኮኖሚስት መጽሔት ላይ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ ሁሉ እስኪሞላ ይለጠጣል ብለው ያፌዙት በመንግሥት ቢሮዎች ላይ ነበር። ወሬም ያው ነው፤ ቡናው ከምሳ በፊት ባለው ሰዓት የሚቀጠረውም ምሳ እንዲቆርጠው ነው።

የማኅበራዊ ኑሮ ዘዴ የሚባለው ነገር ከሁሉም በላይ በይሉኝታ የታሰረ ነው። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት የቺካጎ ባቡር ተሳፋሪዎችን በየቡድኑ ከፍለው፣ አንዱን ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲያወሩ፣ ሌላውን ብቻቸውን ዝም ብለው እንዲቀመጡ አደረጉ። ሰዎች አስቀድመው ሲጠየቁ ማውራቱ ጉዞውን እንደሚያበላሽ ነበር የገመቱት። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ያወሩት የተሻለ ደስ ብሏቸው ወረዱ። በ2018 ደግሞ ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ካወሩ በኋላ እያንዳንዳቸው ሌላው ምን ያህል እንደወደዳቸው ዝቅ አድርገው እንደሚገምቱ አሳዩ። ሁለቱም “ሳላሰለቸው አልቀረሁም” ብለው ይለያያሉ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቆሎ ተዘግኖ ለጎን ሳይዘረጋ አይቃምም፤ “እንብላ” ሳይባል ምሳ አይከፈትም። በዚያች ቆሎ የተጀመረ ጨዋታ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ የዘመድ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ያንኑ ሰው ታዲያ ፍራንክፈርት ባቡር ውስጥ ሲያዩት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ቆሎው የለማ!

ለቆሎው ምትክ የሚሆነው ጥያቄ ነው። በሃርቫርድ የተሠራ የ2017 ጥናት እንደሚለው ሰው ይበልጥ የሚወደው ከመለሰው ነገር ተነስቶ ሌላ የሚጠይቅ አድማጭን ነው። “ከየት ነህ?” “ባሕር ዳር።” ብሎ መዝጋትና “ባሕር ዳር ከሆንክ ከሐይቁ በየትኛው ወገን?” ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስም ለሚጠፋባቸው ሰዎች ደግሞ አማርኛ ራሱ ባለውለታ ነው። በእንግሊዝኛ የተሠሩ ጥናቶች ስም የሚረሳው ትርጉም አልባ ድምፅ ስለሆነ ነው ይላሉ። የሐበሻ ስም ግን ብዙ ጊዜ ትርጉም ያለው ቃል ወይም ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከአንድ ቤተሰብ ደስታ ወይም ሐዘን ተቆርጦ የወጣ። ማስረሻ የምትባል ሴት ስሟን ስትናገር “ምን አስረሳሻቸው?” ብሎ የጠየቀ ሰው፣ የሚሰማውን ታሪክ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ከስሟ ጋር ያኖረዋል።

እስካሁን ይሉኝታ እንቅፋት ሆና ነው የቀረበችው። ጠላትነቷን ወደ አገልጋይነት የቀየረ አንድ አሮጌ ዘዴ ግን አለ፤ ዕቁብ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 20 ሰው በወር 5,000 ብር ቢያዋጣ በየወሩ አንዱ 100,000 ብር ያነሳል። መጀመሪያ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ። መጨረሻ የደረሰው ግን፣ በወረቀት ላይ ከታየ፣ ምንም አላተረፈም፤ የራሱን 100,000 ብር ነው ከ20 ወር በኋላ የተቀበለው፤ ያውም የብሩ የመግዛት ዐቅም ወርዶ። ያንኑ ገንዘብ በባንክ ቢያስቀምጥ ጥቂት ወለድ ያገኝበት ነበር። ሆኖም አንዳንዱ ባለ ዕቁብ ዕጣው ዘግይቶ ቢደርሰው አይከፋውም።

ነገሩ የሚገባው ባንኩ የማያደርገውን ሲያስቡ ነው። ባንኩ “የዚህን ወር አላስገባህም” ብሎ አይደውልም። የዕቁብ ዳኛ ግን ይደውላል፤ ካልተነሳለት ቤት ድረስ ይመጣል፤ ዕጣ አንስቶ የቀረው ካለም ዋሱ ይጠየቃል። በጓደኛና በጎረቤት ፊት ከመዋረድ ምሳ መዝለል ይቀላል። ሲዋን አንደርሰንና ዣን ማሪ ባላን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በናይሮቢ ኪቤራ መንደር አጥንተው በ2002 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ ሌላ ገጽ ገልጧል፤ ባለትዳር ሴቶች ወደ ዕቁብ መሰል ማኅበራት የሚገቡበት አንዱ ምክንያት ገንዘቡ በቤት ውስጥ ለዕለት ፍጆታ እንዳይወጣ ለመከላከል ነው።

ዕቁብ ከኢትዮጵያውያን ጋር ባሕር ተሻግሯል፤ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ ታክሲ ነጂዎችና ባለ ሱቆች ዘንድ በዶላር ይጣላል። እዚያም እዚህም አገልግሎቱ አንድ ነው። ዘመድ ደውሎ “እስቲ ትንሽ ብር ላክልኝ” ሲል “የለኝም” ማለት ያስቆጣል፤ ባንክ ውስጥ አለኝ ማለትማ ጭራሽ አይሞከርም። “ዕቁብ አለብኝ” ሲባል ግን የደወለው ሰው ለአፍታ ዝም ይላል፣ “እንግዲያው ዕጣው ሲወጣልህ አትርሳኝ” ብሎ ስልኩን ይዘጋል።